ብቅል ውስጥ ያለው ደቦ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሳይንስና ጤና ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣው ጽሑፍ ጂንን ከመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ጋር አመሳስሎታል። ንጽጽሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ክፍል ውስጥም አዘውትሮ ይነገራል። ነገር ግን ተማሪን ያሳስታል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውንም ሊጎዳ የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ጂን በእርግጥ እንዴት እንደሚነበብ ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎጃም ውስጥ በየቤቱ የሚበቅለው ብቅል ይበቃል።

ጎተራ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የገብስ ፍሬ እናንሳ። ታችኛው ጫፏ ላይ ፅንሱ አለ። መሐሏን የሞላው ስታርች ነው። ስታርቹን ዙሪያውን የሸፈነው አልዩሮን የሚባለው ስስ ሽፋን በገብስ ላይ ሦስት ሕዋስ ያህል ውፍረት አለው። የዚህ ሽፋን ሕዋሳት ሕያው ናቸው፤ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆርጠውን አልፋ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያሠራው ጂንም በእያንዳንዳቸው ውስጥ አለ። ቢሆንም ፍሬዋ ለወራት ስትቀመጥ ያ ጂን አይነበብም። ባለሙያዋ እናት ገብሱን ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ በቅጠል ሸፍና ሦስት አራት ቀን ስታቆየው ግን ሥሩ ብቅ ይላል፤ ቢቀምሱትም ይጣፍጣል። ጣፋጭ ያደረገው በእነዚህ ቀናት ውስጥ እንደ አዲስ የተሠራው ኢንዛይም ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ትናንት ያልተነበበው ጂን ዛሬ የተነበበው ምን ተደርጎ ነው?

ስለ «ማንበብ» አንድ ነገር እናስቀድም። ጂኑ የተጻፈበት ዲኤንኤ የሕዋሱ እምብርት ከሆነው ከኒውክለስ አይወጣም። ብርቅ ብራና ከዕቃ ቤት እንደማይወጣና ቁም ጸሐፊ ቅጂውን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የጂኑ ቅጂ አርኤንኤ ሆኖ ይወጣል፤ ፕሮቲኑ የሚሠራው ከቅጂው ነው። ትራንስክሪፕሽን የሚባለው ይህ የመቅዳት ሥራ ነው። ብራናው ደግሞ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። በየ147 ፊደሉ (ፊደል የምንለው ዲኤንኤ የተሠራባቸውን ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉ ኬሚካሎች ነው) ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ጥቅል ላይ አንድ ዙር ተኩል ከምናምን ይጠመጠማል። ስለዚህ ቅጂ ከመጀመሩ በፊት ቅጂው የሚጀመርበት ቦታ መገኘት፣ ጥቅልሉም መላላት አለበት። ይህን ሁሉ የሚሠራ አንድ ፕሮቲን የለም።

ወደ ገብሱ እንመለስ። ውኃ ሲገባ ፅንሱ ጅበረሊን የተባለ ሆርሞን ያመርትና ወደ አልዩሮኑ ይልካል። አልዩሮኑ ሕዋስ ውስጥ ጅአይዲ ዋን የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ጅበረሊን ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ተቀባዩ እንደ ሙዳይ ክዳን ከላይ ይከደንበታል። የክዳኑ ውጫዊ ገጽ ዴላ የተባለውን ፕሮቲን የሚይዝ ቅርጽ ይኖረዋል። ዴላ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከልካይ ሆኖ የቆየው ነው። ሦስቱ፣ ማለትም ሆርሞኑ፣ ተቀባዩና ዴላ፣ ሲያያዙ ሌላ የፕሮቲኖች ስብስብ ይመጣና ዴላ ላይ ዩቢኪዊቲን የተባለ ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክት የተለጠፈበትን ፕሮቲን ፕሮቲዮዞም የሚባለው የሕዋሱ ወፍጮ ይፈጨዋል። ልብ በሉ፤ እስካሁን ማንም ምንም «አላበራም»፤ የተደረገው ከልካዩን ማስወገድ ነው።

ዴላ ሲጠፋ ጋሚብ የተባለው ፕሮቲን መሠራት ይጀምራል። ከሰዓታት በኋላ ጋሚብ ራሱ ከአሚሌዙ ጂን ፊት ባለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ «ቲ-ኤ-ኤ-ሲ-ኤ-ኤ-ኤ» የሚለውን የሰባት ፊደል ቃል ፈልጎ ይቀመጥበታል። ከጎኑ ሌሎች አጫጭር ቃላት አሉ፤ በእነርሱም ላይ ሌሎች ፕሮቲኖች ይቀመጣሉ። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ቃላት አንዱን ሲያበላሹ ቀሪዎቹ ሳይነኩም ጂኑ ለጅበረሊን የሚሰጠው ምላሽ በእጅጉ ይወድቃል። አንዱ ብቻውን አይበቃምና።

ጋሚብም ቢሆን ቅጂ አይቀዳም። ሥራው ደቦ መጥራት ነው። ደቦ የጠራ ሰው እርሻውን ብቻውን አያርስም፤ ጥማዱን፣ ሞፈሩን፣ ወገኑን ይሰበስባል። የሚሰበሰቡት እነማን እንደሆኑ በጥልቀት የተጠናው በእርሾና በሰው ሕዋስ ነው፤ በዕፅዋትም መሠረታዊዎቹ ክፍሎች አሉ። መጀመሪያ ቲኤፍ ቱ ዲ የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ይመጣል። በውስጡ ያለው ቲቢፒ «ታታ» የሚለው ቃል ላይ እንደ ኮርቻ ተቀምጦ ዲኤንኤውን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ያህል ያጎብጠዋል። ቅጂው ከሚጀመርበት ቦታ 30 ፊደል ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። ይህ ጉብጠት ለቀጣዮቹ ምልክትም መደገፊያም ነው። ቲኤፍ ቱ ኤ እና ቲኤፍ ቱ ቢ ጉብጠቱን ከግራና ከቀኝ ይደግፋሉ። ቲኤፍ ቱ ቢ ቅጂውን የሚቀዳውን ባለ 12 ክፍል ማሽን፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ ሁለትን፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ያስቀምጠዋል፤ ፖሊመሬዙም ቲኤፍ ቱ ኤፍን ይዞ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ቲኤፍ ቱ ኢ እና ባለ አሥር ክፍሉ ቲኤፍ ቱ ኤች ይገባሉ። ቲኤፍ ቱ ኤች የሕዋሱ ነዳጅ የሆነውን ኤቲፒ እያቃጠለ ዲኤንኤውን ወደ ፖሊመሬዙ ሆድ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ገመዶች አሥር ፊደል በሚያህል ስፋት ይላቀቃሉ፤ ቅጂውም ይጀመራል።

ፖሊመሬዙ ግን ከመነሻው ተላቅቆ መሄድ አለበት። ጅራት አለው፤ በእርሾ 26 ጊዜ፣ በሰው 52 ጊዜ የተደጋገመ የሰባት አሚኖ አሲድ ሐረግ። ቲኤፍ ቱ ኤች ጅራቱ ላይ ፎስፌት የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል፤ በዚህ ጊዜ ፖሊመሬዙ ከመነሻ ቡድኑ ይለያያል። በሰውና በሌሎች እንስሳት ሕዋሳት ሌላ ጉድ አለ፤ ፖሊመሬዙ ከ20 እስከ 60 ፊደል ከሄደ በኋላ ይቆማል። ፒቴፍቢ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ፎስፌት ጨምሮ ካልለቀቀው በቀር አይቀጥልም። ኤችአይቪ ታት የተባለውን የራሱን ፕሮቲን የሚያሠራው ይህን ኢንዛይም ወደ ቫይረሱ ጂን ለመጎተት ነው። ከተለቀቀ በኋላ ግን ፍጥነቱ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 4,000 ፊደል ይደርሳል።

በጋሚብና በመሰሎቹ እና በዚህ ማሽን መካከል ደግሞ ሜዲዬተር የሚባል ትልቅ ድልድይ አለ። በእርሾ 25፣ በሰው እስከ 30 የሚደርሱ ፕሮቲኖች የተጋጠሙበት ነው። ጠሪው ፕሮቲን አንዱን ጎኑን ይነካል፤ ሌላው ጎኑ ፖሊመሬዙን ይይዛል። ጠሪዎቹ ብዙ ሲሆኑ ድልድዩ ይጠነክራል፤ ቅጂውም ይበዛል። ጥቂት ሲሆኑ ያንሳል። የማብሪያው ንጽጽር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የጂን ንባብ የመጠንና የጊዜ ጉዳይ ነው።

የእኛም የደቦ ምሳሌ ወሰን እንዳለው እንናገር። ከላይ የዘረዘርነው ቅደም ተከተል የመማሪያ ሥዕል ነው። በሕያው ሕዋስ ውስጥ አንድ በአንድ የተከታተሉት ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ አብዛኞቹ ጠሪ ፕሮቲኖች ዲኤንኤው ላይ የሚቆዩት ለሰከንዶች ብቻ ነው። ይመጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ሲገጣጠሙ ቅጂ ይወጣል፤ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። አለቃ የለም፤ ሰዓት የሚቆጥርም የለም። ተማሪዎች ይህን ከሰሙ «ሕዋሱ አወቀ፣ ጂኑ ፈለገ» ማለታቸውን ይተዋሉ።

ዴላን ካነሳን ለገበሬው የሚቀርብ ነገር አለ። የአረንጓዴው አብዮት አጭር ስንዴ አጭር የሆነው የዴላ ጂኑ ስለተለወጠ ነው። የተለወጠው ዴላ በጅበረሊን ተቀባይ አይያዝም፤ አይፈጭም፤ አገዳውም አይረዝምም። ማዳበሪያ ቢበዛለትም አይጋሽብም። ጂኑ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ገበሬው ግን ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ሲዘራው ኖሯል።

ብቅሉ ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ሲጠነሰስ ደግሞ ሌላ ንባብ ይጀመራል፤ የእርሾው። የጠላ እርሾ ከዳቦ እርሾ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ሮጀር ኮርንበርግ የፖሊመሬዝ ሁለትን ቅርጽ አንጥሮ ያሳየውም ከዚሁ እርሾ ወስዶ ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2006 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ድፍድፉ ውስጥ ግሉኮስና ማልቶስ የተባሉ ስኳሮች አሉ። ግሉኮስ እስካለ ድረስ ሚግ ዋን የተባለ ፕሮቲን ኒውክለስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሁለት አጋሮቹ ጋር ሆኖም የማልቶስ ጂኖችን ይከለክላል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ስንፍ ዋን የተባለ ኢንዛይም ሚግ ዋን ላይ ፎስፌት ለጥፎ ከኒውክለስ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ የማልቶስ ጠሪው ፕሮቲን ይሠራል። የሚቀመጠው በሁለት ጂኖች መካከል ነው፤ በአንድ በኩል ማልቶስን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው፣ በሌላ በኩል የሚቆርጠው። ከአንድ ቦታ ተጠርቶ ሁለቱም ወገን ይሠራል። ጠላ ሲፈላ መሐል ላይ ዘገም ብሎ እንደገና የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ የንባብ ለውጥ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን። ይህን ሁሉ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ በዓይኑ ማሳየት ይቻላል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመራማሪዎቹ ዮሞ በጃፓን፣ ፔሌግ በአውስትራሊያ ለየብቻቸው ያገኙት ነው፤ ፅንሱ የተቆረጠ ገብስ አሚሌዝ አይሠራም፤ ጅበረሊን ሲሰጠው ግን ይሠራል።

የሚያስፈልገው፣ ያልተቆላ፣ ያልተፈተገ፣ የዘር መድኃኒት ያልተቀባ ገብስ ነው። የተቀባ ዘር ለእጅም ለውጤትም መጥፎ ነው። ከአውድማ አዲስ የመጣም አይሁን፤ የእንቅልፍ ጊዜውን ያልጨረሰ ገብስ በደንብ አይበቅልም። ሁለት ሦስት ወር የተቀመጠ ይሁን። ሠላሳ ፍሬ በአንድ እጅ በረኪናና በአራት እጅ ውኃ ለ10 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ አምስት ጊዜ ይለቅለቅ። ይህን የዘለለ መምህር ውጤቱን ማመን የለበትም፤ ሻጋታና ባክቴሪያ የራሳቸው አሚሌዝ ስላላቸው ፅንስ የሌለው የፍሬ ግማሽም ስታርች የበላ ይመስላል። በረኪናው በደንብ ካልታጠበ ደግሞ አዮዲኑን ያበላሻል።

አጋር የተባለው ተፈልቶ እንደ ጄሊ የሚረጋ ዱቄት የሚገኝ ከሆነ 1.5 ግራም አጋርና 0.5 ግራም ስታርች በ100 ሚሊሊትር ውኃ ተፈልቶ በስስ ሳህን ይፈስሳል። ሱቅ የሚሸጠው ኮርንፍላወር ለስታርችነት ይሆናል። ስታርቹን ማብዛት ክፉ ነው፤ ኢንዛይሙ በልቶ የማይጨርሰው ስለሚሆን ከሥር ያለው ሰማያዊ ሁሉን ይሸፍነዋል። ገብሱ ለአንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ከወገቡ በምላጭ ለሁለት ይቆረጣል። ፅንሱ ያለው ፍሬው ከዛላው ጋር ተያይዞበት በነበረው ጫፍ ነው፤ በጀርባው በኩል ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ተቆራጩ ገጽ ወደ ታች ሆኖ፣ በአንዱ ሳህን ባለፅንሱ ግማሽ፣ በሌላው ፅንስ የሌለው፣ በሦስተኛው ለ10 ደቂቃ የተቀቀለ ባለፅንስ ግማሽ ይቀመጣል። ለሁለት ቀን ተከድኖ ይቆይ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ሦስተኛ ቀን መጨመር ይገባል። እንደ ፍኖተ ሰላም ባለው ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ቀን ይበቃል፤ ካለፈ ሻጋታ ይቀድማል። ከዚያ ግማሾቹ ይነሱና ከፋርማሲ የተገዛ የቁስል አዮዲን በአሥር እጅ ውኃ ቀጥኖ ይፈስስበታል። ሳህኑ ይጠቁራል፤ ባለፅንሱ ግማሽ የነበረበት ቦታ ግን ክብ ሆኖ ነጥቶ ይቀራል።

ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያሉ ትምህርት ቤቶች አራተኛ ሳህን ይጨምሩ። ፅንስ የሌለው ግማሽ በሊትር 0.35 ሚሊግራም ጅበረሊክ አሲድ (የጅበረሊን ዓይነት) ባለበት አጋር ላይ ይቀመጥ። ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ በጥቂት ጠብታ አልኮል አስቀድሞ ማሟሟት ነው። ክቡ ሲታይ ተማሪው የሚያየው ይህን ነው፤ ጂኑ ያው፣ ሕዋሱ ያው፤ የጎደለው መልእክተኛው ብቻ ነበር።

አጋር የሌለው ትምህርት ቤትም ተስፋ አይቁረጥ። የደረቀ ገብስ፣ የአንድ ቀን፣ የሁለት ቀን፣ የሦስት ቀንና የአራት ቀን ብቅል እያንዳንዱ 5 ግራም በሙቀጫ ተወቅጦ በ50 ሚሊሊትር ውኃ ይበጥበጥ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ በነጭ ጨርቅ ይጥለል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በ300 ሚሊሊትር ውኃ ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ትኩስ ስታርች በአዮዲን አይጠቁርም፤ ብዙዎች «አልሠራም» የሚሉት በዚህ ነው። ከስታርቹ 5 ሚሊሊትር፣ ከተጠለለው የብቅል ፈሳሽ 2 ሚሊሊትር ተቀላቅሎ በየደቂቃው አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ ከአዮዲን ጋር ይገናኝ። ጥቁር ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ የሚሄድበት ደቂቃ ይመዝገብ። ብቅሉ ባረጀ ቁጥር ደቂቃው ያጥራል። ይህ የንባቡ መጠን በቀናት እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው፤ ማብሪያ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ይዘል ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ። የደረቀውም ገብስ ትንሽ ቀለም ሊቀይር ይችላል። ፍሬው ሲጎመራ የተቀመጠ ቤታ አሚሌዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ስላለው ነው። ቤታ የስታርቹን ጫፍ ብቻ ይከረክማል፤ ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ቀለሙም ሐምራዊ ላይ ይቀራል። አልፋው መሐሉን ይቆርጣልና ወደ ቢጫ ያደርሰዋል። ሐምራዊን እንደ መልስ የያዘ ተማሪ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

ወደ ጤና ዓምዳችሁ ስንመለስ፣ የማብሪያው ንጽጽር ጉዳት የሚያደርሰው ሪፋምፒሲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ይህ የቲቢ መድኃኒት ከባክቴሪያው ፖሊመሬዝ ቤታ የተባለውን ክፍል ይይዝና ቅጂው ሁለት ሦስት ፊደል ከሆነ በኋላ መውጫውን ይዘጋበታል። የሰው ፖሊመሬዝ ቅርጹ ስለሚለይ አይነካም። በሽታው መድኃኒቱን የሚለምደው አብዛኛውን ጊዜ በባክቴሪያው ጂን ላይ 81 ፊደል በምታህል ጠባብ ክፍል ውስጥ ለውጥ ሲኖር ነው፤ ጂንኤክስፐርት የተባለው ምርመራ የሚያነበው ያችን ክፍል ነው።

ነገር ግን ያው ሪፋምፒሲን በሰው ጉበት ውስጥ ፒኤክስአር የተባለ ተቀባይ ያገኛል። ፒኤክስአር ከጓደኛው ከአርኤክስአር ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤ ላይ ይቀመጣል፤ ረዳቶችን ይጠራል፤ ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለው መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም በብዛት ይሠራል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ቅጂው ተቀድቶ ፕሮቲኑ እስኪጠራቀም አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። መድኃኒቱ ሲቆምም የተሠራው ኢንዛይም ወዲያው አይጠፋም፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ለጥንቃቄ አራት ሳምንት የሚቆጥሩ መመሪያዎችም አሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የእርግዝና መከላከያ እንክብል በሰውነት ውስጥ ቶሎ ተሰብሮ ኃይሉን ያጣል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ሊዳከም ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዴፖና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን በሪፋምፒሲን ምክንያት አይከለከሉም። ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ የኤችአይቪ ታካሚዎች ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆን በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ የሚደረግላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ «ጂኑ ጠፍቷል፣ መድኃኒቱን ጨርሻለሁና ከነገ ጀምሮ እንክብሉ ይሠራል» ብላ የምታስብ እናት የተሳሳተችው በማብሪያው ንጽጽር ነው። የቲቢ መድኃኒቷን በራሷ ማቋረጥ የለባትም፤ የጤና ባለሙያዋን «እስከ መቼ ሌላ መከላከያ ልጠቀም?» ብላ ትጠይቅ። ይህን አንድ አንቀጽ እንኳ በሚቀጥለው እትማችሁ ብታወጡት፣ የብቅሉንም ሙከራ ለመምህራን በተለየ ሣጥን ብታትሙት እንደ ትልቅ ውለታ እንቆጥረዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሥነ ሕይወት መምህራን
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም